ከቆርቆሮው ጣራ እስከ ክትባቱ ብልቃጥ
የክትባት ማቀዝቀዣዎች ወቅታዊ ጽዳትና ጥገና በቢቸናና በሞጣ ደጋ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ጣራ ላይ ስለሚተከል ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሲነሣ የመሐንዲስ ሐሳብ ፈጥኖ የሚሄደው በአዲስ አበባ ትላልቅ ሕንፃዎች አናት ላይ ወደሚታዩት መሣሪያዎች ነው። በቢቸናና በሞጣ ግን እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚፈልግ ሰው ጣራ ለጣራ ቢዞር እምብዛም አያገኝም። ሁለቱም ከተሞች በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ ቀኑ በጥላ፣ ሌሊቱም በጋቢ ያልፋል። ነገር ግን ሰው ያለ ማቀዝቀዣ በሚያድርበት በዚያው አገር ያለ ማቀዝቀዣ ማደር የማይችል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ክትባት ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይም በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ ያለው የክትባት ማቀዝቀዣ፣ ከቆርቆሮው ላይ ሆኖ ኃይል ከሚመግበው የፀሐይ ሰሌዳ ጋር፣ በየወቅቱ የሚሻው ጽዳትና ጥገና ነው።

ጥቂት ስለ ታሪኩ

እንደሚታወቀው ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ለዚያ ድል ከረዱት ነገሮች አንዱ የፈንጣጣው ክትባት በደረቅ ዱቄት መልክ የተዘጋጀና ሙቀትን የሚቋቋም መሆኑ ነበር፤ ከታቢው በእግሩም ሆነ በበቅሎ ተጉዞ ቆላና ደጋውን ሲያዳርስ ክትባቱ አልተበላሸበትም። እ.ኤ.አ. በ1980 በአገሪቱ የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም ሲጀመር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የኩፍኝ፣ የፖሊዮ፣ የመንጋጋ ቆልፍና የሌሎችም ክትባቶች ከፋብሪካ እስከ ሕፃኑ ክንድ ድረስ፣ በማከማቻው እንደየዓይነታቸው፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መጠበቅ አለባቸው።

መብራት ባልደረሰበት ገጠር ይህን ኃላፊነት በመጀመሪያ የተሸከመው በላምባ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ነበር። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1922 ፎን ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ወጣት መሐንዲሶች የፈለሰፉትን ዘዴ የሚከተል ሲሆን፣ በእሳት ሙቀት ብርድ ይሠራል። ክሩ ካልተስተካከለ፣ ጭስ ማውጫው ከጥላሸት ካልጸዳ፣ ሣጥኑም በውሃ ልክ ተለክቶ ካልቆመ አይበርድም። ከእርሱ በኋላ በባትሪ የሚታገዘው የፀሐይ ማቀዝቀዣ መጣ፤ ይሁን እንጂ ባትሪው ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ሲደክም ሰሌዳውም ማቀዝቀዣውም ሥራ ፈትተው የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነበር። በመጨረሻም ያለ ባትሪ የሚሠራው ዓይነት ተተካ። ይኸኛው ቀን በፀሐይ ኃይል በረዶ አብጅቶ ሌሊትና ደመናማ ቀን በዚያው በረዶ ይቆያል። ስለሆነም ጎተራው ባትሪ ሳይሆን በረዶ ነው፤ ጎተራውን የሚሞላው ግን ያው በጣራ ላይ ያለው ሰሌዳ ነው።

የማይታየው ብልሽት

አንድ የመኪና ሞተር ሲበላሽ ይጮኻል ወይም ይጨሳል። የተበላሸ ክትባት ግን አይጮኽም። እናት ልጇን አዝላ፣ ሰዓታት በእግሯ ተጉዛ፣ ተራዋን ጠብቃ ልጇን ታስከትባለች፤ በካርዱም ላይ ምልክት ይደረግላታል። መድኃኒቱ ኃይሉን አጥቶ ከነበረ ልጁ በወረቀት ተከተበ እንጂ በእውነት አልተከተበም። ይህም የሚታወቀው ኩፍኝ በመንደሩ ሲገባ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በፖሊዮ፣ ኋላም በሌሎች ክትባቶች ብልቃጥ ላይ በሙቀት ቀለሙ የሚለወጥ ምልክት መለጠፉ ትልቅ እርዳታ ነው። ሆኖም ምልክቱ የሚናገረው ስለ ሙቀት ብቻ ነው፤ ስለ ውርጭ አይናገርም። የመንጋጋ ቆልፍና የጉበት በሽታ ክትባቶች፣ እንዲሁም አምስቱን በአንድ የያዘው ክትባት፣ አንድ ጊዜ ከረጉ በኋላ ቢቀልጡም አገልግሎት አይሰጡም። በደጋ አገር የሚያሰጋው ይህኛው ነው። በላምባው ማቀዝቀዣ ዘመን ለቀትሩ ሙቀት ተብሎ ከፍ የተደረገው እሳት ሌሊት የደጋው ብርድ ሲጨመርበት ክትባቱን ሊያረጋው ይችል ነበር። ዛሬም ቢሆን የሙቀት መቆጣጠሪያውን በበጋ አዙሮ በክረምት መርሳት ያንኑ ጥፋት ያስከትላል።

የቦታው ጠባይ

በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት በኮንደንሰሩ በኩል ለአየር ሲያስረክብ፣ እያንዳንዱ ሊትር አየር ተሸክሞ የሚሄደው ሙቀት በሩብ ገደማ ያንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ይህን ጉድለት በከፊል ያካክሰዋል። ኮንደንሰሩ ላይ አቧራና የሸረሪት ድር ሲጋገርበት ግን ያ ማካካሻ ይጠፋል፤ ሞተሩም ያለ ዕረፍት ይሠራል።

ወቅቶቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጉዳት ይዘው ይመጣሉ። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ነው። ከታኅሣሥ እስከ ጥር፣ አውድማው ሲወቃና ምርቱ ለነፋስ ሲሰጥ፣ ደቃቁ እብቅ በጣራው ላይ ያርፋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የመንገድ አቧራ ይተካል። በሰሌዳው ጠርዝ ያረፈ ርግብም ኩሱን ይጥልበታል። በሰሌዳው ውስጥ ያሉት ሴሎች እንደ ቦይ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ፣ ቦዩ በአንድ ቦታ ሲደፈን ውሃው ሁሉ እንደሚያንስ፣ አንዲት ሴል ስትሸፈንም የረድፉ ኃይል ጉልህ በሆነ መጠን ይቀንሳል።

ስለ ጥላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቢቸናና ሞጣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ10 እስከ 11 ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኙ፣ በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ከአናት ወደ ደቡብ 34 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 19 ገደማ ግን በቀትር በሰሜን በኩል ትሆናለች። ስለዚህ በግቢው ደቡብ የቆመ ባሕር ዛፍ በበጋ፣ በሰሜን የቆመው ደግሞ በክረምት ጥላውን ሊጥል ይችላል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ አዳጊ ነውና ሰሌዳው ሲተከል ያልነበረ ጥላ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መድረሱ አይቀርም።

ሦስቱ የጣራ ቀኖች

ገበሬው የቤቱን ክዳን የሚያየው ክረምት ሳይገባ ነው። የጤና ጣቢያውም ጣራ በዓመት ቢያንስ ሦስት የታወቁ ቀኖች ሊኖሩት ይገባል።

የመጀመሪያው በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ነው። በዚህ ጊዜ የሰሌዳው ማሰሪያ ብሎኖች ዝገታቸው ይታያል፤ የላሉትም ይጠብቃሉ። የሽቦው ሽፋን በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ወይም በአይጥ ተበልቶ እንደሆነ ይመረመራል፤ የሚያፈስ የቆርቆሮ ምስማርም ይደፈናል። ሁለተኛው በጥር መጨረሻ፣ ውቂያው ሲያልቅ ሲሆን፣ ዋና ሥራው እጥበት ነው። ሦስተኛው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። የበጋው አቧራ ይታጠባል፤ ጥላ የሚጥለው ቅርንጫፍ ይቆረጣል፤ የደጋው ነጎድጓድ ብርቱ ነውና የመብረቅ መከላከያው የመሬት ሽቦ ከዘንጉ ጋር መያያዙ ይረጋገጣል። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የምትሳሳበት ጊዜ ስለሆነ፣ ወደ ክረምት በቆሸሸ ሰሌዳ መግባት ጎተራን ባዶ አድርጎ ክረምትን እንደ መቀበል ይቆጠራል።

እጥበቱ ቀላል ቢሆንም ሥርዓት አለው። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት፣ መስተዋቱ ሳይግል ይደረጋል፤ በጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላልና። ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ አሸዋና የብረት መፈግፈጊያ መስተዋቱን ስለሚፍቁ አይነኩም። ወደ ጣራ የሚወጣው ሰው መሰላሉን የሚይዝለት ሌላ ሰው ሊኖር ይገባል። ሲራመድም ከሥሩ እንጨት ያለበትን የምስማር መስመር ይከተል። ሰሌዳው ብርሃን እስካለ ድረስ ኃይል ከማመንጨት የማይቆም ስለሆነ፣ ሽቦ የሚነካ ባለሙያ አስቀድሞ በወፍራም ጨርቅ ይሸፍነው።

ከጣራ በታች ያለው ሥራም በእነዚሁ ቀኖች ይፈጸማል። ክትባቱ በበረዶ ወደ ተዘጋጀ ሣጥን ከተዛወረ በኋላ፣ የኮንደንሰሩ አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ የወፈረ በረዶ በቢላ ሳይፋቅ በራሱ እንዲቀልጥ ይደረጋል። የክዳኑ ጎማ ቁራጭ ወረቀት አስይዞ በመጎተት ይፈተናል፤ ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ብርዱም በዚያው ይወጣል። በመንግሥት መብራት ለሚሠሩት ደግሞ የቮልቴጅ ማረጋጊያው አብሮ ይታያል።

ጣራው ላይ ማን ይውጣ?

እስከ አሁን የተባለው ሁሉ ታላቅ ጥበብ የሚጠይቅ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ሥራው የማንም ሳይሆን ሲቀር ነው። ነርሷ የሙቀቱን መጠን ጠዋትና ማታ ትመዘግባለች፤ ጣራው ግን የእርሷ ሥራ መሆኑ አልተነገራትም። ዘበኛው መሰላል ያገኛል፤ ሰሌዳውን እንዲነካ ግን አልተፈቀደለትም። ባለሙያው ያውቃል፤ የሚጠራው ግን መሣሪያው ከቆመ በኋላ ነው። ለመግዣ በጀት ሲያዝ ለማጠቢያ ጨርቅና ለመሰላል የሚሆን ገንዘብ ይረሳል። መሐንዲሱም ቢሆን ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ መሣሪያውን ተክሎ፣ አስረክቦና ፈርሞ ሲመለስ ስለ ጽዳቱ አንዲት ገጽ የአማርኛ መመሪያ በግድግዳው ላይ ካልተወ ሥራውን በግማሽ እንደ ሠራ ሊቆጥረው ይገባል።

ስለዚህ መፍትሔው ሦስት ነገር ነው፦ በስም የታወቀ አንድ ሰው፣ በቀን የታወቀ አንድ ሠንጠረዥ፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም የማይነካ የጥገና በጀት። የነርሷም መዝገብ በመሐንዲሱ ዘንድ ሊነበብ ይገባዋል። የጠዋቱ ቁጥር ለሳምንታት ቀስ እያለ ወደ 8 የሚያዘግም ከሆነ፣ ጣራው ወይም ኮንደንሰሩ መቆሸሹን አስቀድሞ ሊያመለክት ይችላል። ወደ 2 የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የውርጩን አደጋ ያስጠነቅቃል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በቢቸናና በሞጣ ገጠር ቅጠሉ አንድ ባልዲ ውሃና አንድ እራፊ ጨርቅ ነው። እናቲቱ ያን ሁሉ መንገድ የተጓዘችው ብልቃጡ ውስጥ ያለው መድኃኒት እውነተኛ ነው ብላ ነው። ያን እምነት ጠብቆ ማቆየት ከነርሷ ጋር የመሐንዲሱም ግዴታ ነው።