ሚዛኑና ስብሰባው
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



አንዳንድ እህቶች የክብደት መቀነሻ ቡድን ክፍያ ማኅበሩ እንዲሸፍንላቸው ጠይቀዋል። ስኳርና ደም ግፊት ያለብን ብዙ ስለሆንን ጥያቄው ቀላል አይደለም። ስለዚህ አሠራሩን አየን።

እዚህ አሜሪካ ታዋቂው ዌት ዋቸርስ ነው። የኒውዮርኳ የቤት እመቤት ጂን ናይዲች ነፃ ክሊኒክ ትመላለስ ነበር፤ ተደብቃ ብስኩት እንደምትበላ መናገር ግን አፈረች። እ.ኤ.አ. በ1961 ጓደኞቿን ቤቷ ጠርታ ነገረቻቸው። እነሱም የየራሳቸውን አወጡ። በ1963 ኩባንያ ሆነ።

አባሏ ትከፍላለች፣ በስብሰባው ለብቻዋ ትመዘናለች፣ ከዚያ ውይይት ይቀጥላል። ምግብ በነጥብ ይቆጠራል። መሪዋም በዚያው መንገድ የቀነሰች ናት። ግቧን ደርሳ ስድስት ሳምንት የጠበቀች፣ ክብደቷ እስካልተመለሰ ድረስ ለስብሰባው አትከፍልም። በሂሳብ ዓይን ሲታይ፣ የስብሰባው ገቢ የሚመጣው ገና ካልቀነሱትና መልሰው ከጨመሩት ነው።

ክፍያ ሰውን እንደሚያተጋ አንክድም። የመጀመሪያዎቹን ሴቶች ያሰባሰባቸው ግን ምስጢር መካፈል ነው፤ እሱ ደግሞ በእጃችን አለ። ለቁጠባው መሰብሰባችን አይቀርም።

ሃሳባችን ይህ ነው፦ በገንዘቡ ሚዛንና የደም ግፊት መለኪያ ይገዛ። የፈለገች ለብቻዋ ትመዘን፤ ቁጥሯ በስብሰባ አይነበብ። መድኃኒት የምትወስድ ሐኪሟን ሳታማክር አመጋገቧን አትቀይር። ስለ እንጀራችን ብዛት ግን ሳንተፋፈር እናውራ።

እኛም መዝገቡን ዘግተን ማታ ማታ ድፎ ዳቦ እንደምንቆርስ ዛሬ ተናዝዘናል። ተረኛዋ ማን ናት?