ሚዛኑን የሚይዝ እጅ
(ለትምህርት ቤታችን በዓል የተደረገ ንግግር)



ሳይንስ ለማንም አያዳላም ሲባል እንሰማለን። ነገሩ እውነት ነውን?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ነውና፣ እንዶድ ለበሽታው መከላከያ እንዲሆን መመርመር ጀመሩ። ዳሩ ግን በአፍሪካ የተሠራ ምርምር በውጭ አገር በቶሎ እንደማይታመን እርሳቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙት በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይኸውም ከ25 ዓመት በኋላ ነው።

እንዶድ ቀንድ አውጣን ሲገድል የወቀጠው እጅ የማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። የሚያዳላው ሰው ነው፤ ምን ይመርመር፣ ማንስ ይታመን ብሎ የሚመርጠው እርሱ ነውና። እኛስ ብንሆን አያቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረውን እንዶድ የድኻ ሳሙና ብለን ንቀነው አልነበረምን?

እንግዲህ ከመናቃችን በፊት እንመርምር፤ የመረመርነውንም ሌላው መርምሮ ያርመን ዘንድ እንፍቀድ። ሚዛኑ ቀጥ የሚለው በዚህ ነው።