ስለ እንግሊዝኛ ቃላት አጠናን



ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስቡ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ይዘጋጃሉ። ይህ ፈተና ማዳመጥን፥ ማንበብን፥ መጻፍንና መናገርን ይመረምራል። በንባቡ ክፍል 40 ጥያቄዎች በ60 ደቂቃ ይመለሳሉ፤ በጽሑፍና በንግግር ደግሞ ከነጥቡ ሩቡ የሚሰጠው ለቃላት ችሎታ ነው። ክፍያው ለደመወዝተኛ ቀላል አይደለም፤ ውጤቱም እንደ ልማድ ከሁለት ዓመት በላይ አያገለግልም። ስለዚህ በከንቱ የሚወድቅ ሰው ገንዘቡንም ዕድሉንም ያጣል።

አሰላ ተቀምጦ የሚያጠና ሠራተኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምሯልና ለቃላቱ እንግዳ አይደለም። ችግሩ፥ እያንዳንዱን ቃል በአንድ የአማርኛ ትርጉም ብቻ አስሮ መያዙ ነው። ለምሳሌ «ረስት» የሚለውን ቃል «ዝገት» ብሎ በቃሉ ይዟል። ነገር ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ስንዴ ላይ ብዙ ጉዳት ስላደረሰ «ቢጫ ረስት» ሲያነብ፥ ዝገት ከስንዴ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ይቆማል። ቃሉ ግን የአርሲ ገበሬ አሳምሮ የሚያውቀው ዋግ ነው፤ በከተማው አጠገብ ያለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም የሚደክምበት ጉዳይ ነው። እንዲሁም «ኢር» በሰው ላይ ጆሮ ሲሆን በስንዴ ላይ ዛላ ነው። «ዪልድ» በማሳ ላይ ምርት ነው፤ በመኪና መንገድ ላይ ግን ቅድሚያ ስጥ ማለት ነው።

ይህ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። «ሁለት እጅ ስንዴ፥ አንድ እጅ ገብስ» ስንል ስለ ሰው እጅ አለመናገራችንን ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ሰው በባልንጀራው እንደሚታወቅ፥ ቃልም አብረውት በሚውሉት ቃላት ይታወቃል። እኛ ፎቶግራፍ «እናነሣለን»፤ እንግሊዞች ግን «ይወስዳሉ»። እኛ ሕልም «እናያለን»፤ በእነርሱ አነጋገር ግን ሕልም እንደ ንብረት «አለኝ» የሚባል ነው። ቃሉን ብቻውን ያጠና ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ አጠናኑ እንዲህ ቢሆን ይበጃል። በመጀመሪያ፥ ማይክል ዌስት በ1953 እንዳሳተሙት ዓይነት ሁለት ሺህ ያህል የዘወትር ቃላትን አጥብቆ መያዝ ነው። ቀጥሎ አቬሪል ኮክስሄድ በኒውዚላንድ አዘጋጅተው በ2000 ያወጧቸው 570 የትምህርት ቃላት ቤተሰቦች አሉ። ቤተሰብ መባላቸው፥ በእኛ ቋንቋ «ሠራ፥ ሥራ፥ ሠራተኛ፥ አሠራር» ከአንድ ሥር እንደሚወጡ ሁሉ፥ ከአንድ ቃል ብዙ ዘር ስለሚወጣ ነው። በቀን ዐሥር ቤተሰብ የሚያጠና ሰው በ57 ቀን ይፈጽማቸዋል።

ሁለተኛ፥ በደብተር ላይ ቃሉን ከተገኘበት ዐረፍተ ነገር ጋር መጻፍ ይገባል። አጻጻፉም ይጠንቀቅ፤ በማዳመጥ ክፍል ፊደል የተሳሳተበት መልስ ነጥብ አያገኝም።

ሦስተኛ፥ ትርጉሙን በእጅ ሸፍኖ ራስን መፈተን ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሀውስ በ1885 እንዳስረዱት፥ የተጠና ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶችና ቀናት ነው። ስለዚህ ቃሉን በማግስቱ፥ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ መመለስ፥ በአንድ ሌሊት መቶ ጊዜ ከመደጋገም ይበልጣል።

ወገኖቼ፥ ፈተናው ያልፋል፤ ቃሉ ግን ይቀራል። የግብርና ሠራተኛው ስለ ዋግ የተጻፈውን በትክክል ያነበበ እንደ ሆነ፥ በጭላሎ ሥር ስንዴውን ዘርቶ ክረምቱን በሥጋት ለሚጠብቀው ገበሬ የሚያደርሰው ምክር የታመነ ይሆናል። የደከማችሁበት ቃል ለዚህ ይብቃ።