በግንባታ ሥራ ላይ የሚገኙ የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎች፤ አለያየታቸውና አመዘጋገባቸው

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)

እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የተባለ የሆላንድ ተወላጅ የውሃ ጥናት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳርቻ በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬ፣ በሰው እጅ የተቀረጹ ድንጋዮች መኖራቸውን ተገነዘበ። የሰውዬው ሙያ ውሃ እንጂ የጥንት ቅርስ አልነበረም። ይሁን እንጂ ያየውን አይቶ ዝም አላለም፤ ቦታውም በሚመለከታቸው ዘንድ ታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ዤራር ባዩ የተባለ የፈረንሳይ ተመራማሪ አካባቢውን ቃኘ። ከ1965 ጀምሮም ዣን ሻቫዮን ለሠላሳ ዓመታት የዘለቀ ቁፋሮ መራ። ከእርሱ በኋላ የኢጣልያ ተመራማሪዎች ሥራውን ቀጠሉ። በ2024 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መልካ ቁንጡሬ ከጎረቤቱ ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ።

የዚህ ሁሉ ሥራ መነሻ የአንድ የቴክኒክ ሰው ዓይን መሆኑ ለዚህ ማኅበር አባላት ልዩ ትርጉም አለው። ዛሬ በገጠሩ መሬትን በስፋትና በጥልቀት የሚከፍተው አርኪዮሎጂስቱ ሳይሆን መሐንዲሱ ነው። መንገድ ሲቆረጥ፣ የግድብ መሠረት ሲወጣ፣ የመስኖ ቦይ ሲዘረጋ፣ ገረጋንቲና ድንጋይ ሲመረት፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተሸፍኖ የኖረው ሁሉ ለጥቂት ሰዓታት ለፀሐይ ይገለጣል፤ ወዲያውም በገልባጭ መኪና ተጭኖ ይሄዳል። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ በቦታው የሚገኘው የተማረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሳይቱ መሐንዲስ ብቻ ነው። እርሱ ያላየውን ሌላ ሰው አያየውም፤ እርሱ ያልመዘገበውንም ሌላ ሰው ሊመዘግበው አይችልም። የዚህ ንግግር ዓላማ እንግዲህ ሁለት ነገሮችን ማስረዳት ነው። አንደኛው የተሠራን ድንጋይ እንዲሁ ከተሰበረ ድንጋይ መለየት የሚቻልበትን መንገድ፣ ሁለተኛው ደግሞ ድንጋዩ የተገኘበት ቦታ ካልተመዘገበ ድንጋዩን መለየቱ ብቻ ብዙም የማይጠቅም መሆኑን ነው።

የድንጋዩ ዓይነት

በአውሮፓ የጥንት ሰው መሣሪያውን በብዛት የሠራው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ከሚገኘው ፍሊንት ከሚባለው ድንጋይ ነበር። በኢትዮጵያ የዚህን ድንጋይ ቦታ የያዙት ባዛልት፣ ልዩ ልዩ የሲሊካ ድንጋዮችና ከሁሉም በላይ ባልጩት ናቸው። ባልጩት ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ቅላጭ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የተፈጥሮ መስተዋት ነው። በስምጥ ሸለቆና በዳርቻው በብዛት ይገኛል። ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው የባልጪት መንደር ስሟ ራሱ ከዚህ ድንጋይ የመጣ ነው።

እነዚህን ድንጋዮች አንድ የሚያደርጋቸው ጠባይ አለ። እንደ እንጨት የሚከተሉት ጭረት ስለሌላቸው ሲመቱ የሚሰበሩት በምቱ ጉልበት አቅጣጫ ነው። በመሆኑም መቺው ምቱን በመቆጣጠር ስብራቱን ሊቆጣጠር ይችላል። የቁሶችን ጥንካሬና አሰባበር ለተማረ መሐንዲስ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

አራቱ ምልክቶች

በሰው ከተመታ ድንጋይ ላይ የተነሣ ፍላጭ አብዛኛውን ጊዜ አራት ምልክቶች ይታዩበታል። የመጀመሪያው የምቱ ገጽ ነው፤ ይህም መዶሻው ድንጋይ ያረፈበት በፍላጩ ራስ ላይ የሚገኝ ጠባብ ጠፍጣፋ ስፍራ ነው። ሁለተኛው ከዚሁ ገጽ ሥር በፍላጩ የውስጥ ፊት ላይ የሚታየው እብጠት ነው። ከእብጠቱም ጀምሮ ጠጠር የተጣለበት ኩሬ እንደሚያሳየው ሞገድ ያለ ቅስት መስመር ወደ ታች ይዘረጋል። ሦስተኛው በፍላጩ ጀርባ ላይ ያለው ጠባሳ ነው፤ ከዚህ ቀደም የተነሡ ፍላጮች የተዉት አሻራ ሲሆን፣ የተከታተለና ሥርዓት ያለው ከሆነ የታሰበበት ሥራ መሆኑን ያመለክታል። አራተኛው በጠርዙ ላይ ተራ በተራ በጥቃቅን ምት የተስተካከለ ስለት ነው። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለቱ ሦስቱ በአንድ ድንጋይ ላይ፣ ያውም በአንድ ቦታ በብዙ ድንጋዮች ላይ ሲገኙ ግን ጉዳዩ ከአጋጣሚ ያልፋል።

የመሣሪያዎቹ መልክ እንደየዘመናቸው ይለያያል። በአፋር ክልል በጎና የተገኙት 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስቆጠሩ መሣሪያዎች ከወንዝ ድንጋይ ላይ የተነሡ ስለታም ፍላጮችና ፍላጮቹ የተነሡባቸው እናት ድንጋዮች ናቸው። በኮንሶ የተገኙት 1.75 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩት የእጅ መጥረቢያዎች ደግሞ መጠናቸው የተለቀ፣ ቅርጻቸውም አስቀድሞ የታሰበበት ነው። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ በጋዴሞታ የተገኙት ከ279,000 ዓመት በላይ የሆናቸው ጫፈ ሹል የባልጩት መሣሪያዎች አነስተኛና ቀጭን ናቸው።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሦስት ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው ከተፈጥሮ የሚመጣ ነው። ጎርፍ የሚያንከባልለው፣ ከገደል የሚወድቅ ወይም እሳት የሚያገኘው ድንጋይም ይፈለጣል፤ ነገር ግን ጠባሳው ወደየአቅጣጫው የተበተነና ሥርዓት የሌለው ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከመሐንዲሱ ከራሱ መሣሪያ የሚመጣ ነው። የድንጋይ መፍጫው፣ የግሬደሩ ምላጭ፣ የዶዘሩ ሰንሰለት ሁሉ እብጠትና ሞገድ ያለው ፍላጭ ማውጣት ይችላሉ። እዚህ ላይ የሚረዳው የድንጋዩ ፊት ነው። አዲስ የተሰበረ ባልጩት እንደ ጠርሙስ ስባሪ ያብለጨልጫል፤ ለረጅም ዘመን የቆየው ግን ፊቱ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም አፈርና ጨው ይለብሳል። በአንድ ድንጋይ ላይ የደበዘዘና የሚያበራ ስብራት አብረው ከታዩ፣ የጥንቱን መሣሪያ የዛሬው ማሽን ጎድቶታል ማለት ነው።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉ ይልቅ ትምህርት ሰጪ ነው። በኮንሶ፣ በጋሞና በሌሎችም የደቡብ ኢትዮጵያ አካባቢዎች ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ የተተከለ የድንጋይ መፋቂያ ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ሙያው በተመራማሪዎችም በሚገባ ተጠንቷል። በኮንሶ የዚህ ሙያ ባለቤቶች ሴቶች ናቸው። ድንጋዩን መርጠው፣ ፈልጠውና ስለቱን አድሰው የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። እንግዲህ በመንደር አቅራቢያ በመሬት ገጽ ላይ የተገኘ መፋቂያ የብዙ ሺህ ዓመት ቅርስ ሊሆን ይችላል፤ በአንዲት እናት እጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተጣለም ሊሆን ይችላል። በመልኩ ብቻ ሁለቱን ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። መሐንዲሱ በእንዲህ ያለ ቦታ ሲሠራ የአካባቢውን ባለሙያ በአክብሮት ቢጠይቅ፣ ስለ ድንጋይ አመራረጥና አፈላለጥ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ዕውቀት ያገኛል።

ቦታው ለምን ይመዘገባል

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚከተለው ዋና ነጥብ ይህ ነው፦ ድንጋዩ ዕድሜውን ራሱ አይናገርም። ባዛልቱ ወይም ባልጩቱ በአርጎን ዘዴ ቢመረመር የሚታወቀው ቅላጩ የቀዘቀዘበት ዘመን ነው እንጂ ሰው የቀረጸው ጊዜ አይደለም። የጎና፣ የኮንሶና የጋዴሞታ መሣሪያዎች ዕድሜ ሲወሰን ትልቁን ድርሻ የያዙት በአካባቢያቸው ከላይና ከታች የተነጠፉት የእሳተ ገሞራ አመድ ንብብሮች ናቸው። አመዱ በአርጎን ዘዴ ይለካል፤ መሣሪያው ከየትኛው ንብብር በላይ ወይም በታች እንደ ነበር ከታወቀ ዕድሜው በዚያ ይገመታል። ካልታወቀ ግን የላቦራቶሪው ሥራ ለዚያ ድንጋይ ምንም አይፈይድም።

ጎረቤቱም እንደዚሁ ነው። በመልካ ቁንጡሬ ስምቢሮ በተባለው ስፍራ፣ 1.2 ሚሊዮን ዓመት በሚሆነው ንብብር ውስጥ 578 የድንጋይ መሣሪያዎች ሲገኙ ከሦስቱ በቀር ሁሉም የባልጩት ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ቦታው የእጅ መጥረቢያ ማምረቻ ነበር ብለው ለመደምደም የቻሉት መሣሪያዎቹ በአንድ ንብብር ውስጥ አብረው ስለተገኙ ነው። አንድ በአንድ በየሰው ኪስ ቢበተኑ ኖሮ 578 ድንጋዮች እንጂ አንድ ማምረቻ ባልሆኑ ነበር።

አንድ የሳይት መሐንዲስ በመንገድ ቆረጣ ላይ ያማረ የእጅ መጥረቢያ አገኘ እንበል። በቅን ልቡና ያነሣዋል፣ ያጥበዋል፣ በጠረጴዛው ላይ ወረቀት መያዣ ያደርገዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳያል። ፕሮጀክቱ አልቆ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ግን የተገኘበትን ኪሎ ሜትር እርግጠኛ ሆኖ የሚያስታውስ የለም። ይህ ሰው ቅርሱን የጠበቀ ይመስለዋል፤ የጠበቀው ግን ድንጋዩን ነው፤ ታሪኩ ከአፈሩ ጋር ተደፍቷል።

የአመዘጋገቡ ሥርዓት

መዝገቡ ከመሐንዲሱ የዕለት ሥራ የራቀ ችሎታ አይጠይቅም። በመጀመሪያ በዚያ ቦታ ማሽኑ ይቁም፤ ሥራው ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር። ድንጋዩ ካለበት ሳይነሣ ሜትር ወይም እስክርቢቶ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሰሜንም ተመልክቶ፣ ከቅርብና ከሩቅ ፎቶግራፍ ይነሣ። ቀጥሎ የቦታው ኮኦርዲኔትና ከፍታ ይወሰድ፤ መንገድ ከሆነ ስቴሽኑና ከመካከለኛው መስመር ያለው ርቀት ይጻፍ። እዚህ ላይ የተነሣበት ዳተም አብሮ እንዲጻፍ ያስፈልጋል፤ በአዲንዳንና በደብሊው ጂ ኤስ 84 መካከል ያለው ልዩነት በኢትዮጵያ ከመቶ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ዳተሙ ያልተጻፈለት ቁጥር ተመራማሪውን ሌላ ማሳ ውስጥ ይጥለዋል።

ከዚያም የተቆረጠው ግድግዳ ንድፍ ይሣል፦ የላዩ አፈር፣ ጥቁሩ አፈር፣ ጠጠሩ፣ አመዱ እያንዳንዱ ከነውፍረቱ፤ ድንጋዩም ከየትኛው ንብብር እንደ ወጣ ወይም ወድቆ እንደ ተገኘ በግልጽ ይለይ። ወድቆ የተገኘውን ከግድግዳው እንደ ወጣ አድርጎ መጻፍ ጨርሶ ካለመጻፍ የከፋ ነው። ድንጋዩን ማንሣት ግድ የሚሆነው ለጥፋት የተጋለጠ ከሆነ ብቻ ነው። ያን ጊዜም አይታጠብ፤ በስለቱ ላይ የቀረ ምልክት ሊኖር ይችላልና። እያንዳንዱ በየከረጢቱ ብቻውን ይቀመጥ፤ ቁጥሩ፣ ቀኑና ቦታው በእርሳስ በተጻፈ ወረቀት አብሮት ይግባ። ይኸው ቁጥር በሳይቱ የዕለት መዝገብ ላይ ይስፈር። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት ብዙም የሚያልፍ ሥራ አይደለም።

ሕጉ፣ ውሉና ጊዜው

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃና በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ባለበት እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል። የብዙዎቹ የሥራ ውሎች መነሻ የሆነው የፊዲክ የ1999 እትምም በአንቀጽ 4.24 ኮንትራክተሩ ግኝቱን ለመሐንዲሱ በፍጥነት እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ በዚህ ምክንያት ለሚደርስበት መዘግየትና ወጪም የጊዜ ማራዘሚያና ክፍያ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እንግዲህ የሚያሳውቅ ኮንትራክተር ይከስራል የሚለው ሥጋት ከውሉ ጋር አይስማማም።

ይሁንና ሥጋቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ዝናብ ሳይገባ ሊጠናቀቅ የሚገባው አፈር ሥራ አለ፤ መልስ የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። መንገዱ ለሚጠብቀው ገበሬም እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው። መፍትሔው ግን ዓይንን መጨፈን ሳይሆን ጉዳዩን ቀደም አድርጎ ማየት ነው። በጥናቱ ወቅት፣ በተለይም በስምጥ ሸለቆና በጥንት ሐይቆችና ወንዞች ደለል ላይ በሚያልፉ መስመሮች፣ የቅርስ ቅኝት ከአፈር ምርመራው ጎን ለጎን ቢካሄድ፣ አንድን የገረጋንቲ ማውጫ በወረቀት ላይ በጥቂት መቶ ሜትር ማዛወር ቀላል ነው። ማሽኑ ከገባ በኋላ ግን ያው ማዛወር ክርክርና ኪሳራ ይሆናል።

በመጨረሻም፣ የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤ መሐንዲስ የተበላሸ ኮንክሪት ቢያጋጥመው አፍርሶ እንደገና ይገነባል። አንዴ የተዛቀ ንብብር ግን ዳግመኛ አይነጠፍም። ሌቭሉን፣ ሜትሩን፣ የዕለት መዝገቡን ይዞ በቦታው የቆመው እርሱ ስለሆነ፣ የሚጠየቀው አዲስ ሙያ እንዲማር ሳይሆን ያለውን ሙያ ለአንድ ሰዓት ለዚያ ትንሽ ድንጋይ እንዲያውለው ነው። በመልካ ቁንጡሬ ውሃ ሊያጠና የሄደው ባለሙያ ያየውን ሳይናቅ ማሳወቁ ምን ፍሬ እንዳፈራ በዓለም ፊት የታየ ነው።