ከመንጠቆው በፊት ጀልባዋ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ትንሽ ጀልባ ነው።

«እኛ ደገኞች ነን፤ ጀልባ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ የሞጣ ሰው ዓባይን የሚያውቀው ቁልቁለቱን ወርዶ በሰባራ ድልድይ በኩል ሲሻገር ነው። ይሁን እንጂ በአዴት በኩል ባሕር ዳር ሲደርሱ ጣና አለ። እዚያ ዓሣ አጥምዶ ለመኖር የሚያስብ ካለ ይስማን።

ዛሬ ስለ መረብ አናወራም። ጀልባዋን በዝግታ እየቀዘፉ መንጠቆ ከኋላ ስለ መጎተት ነው የምናወራው። ይህ ለሁሉም ዓሣ አይሆንም። ቀረሶ የሚኖረው በውሃ አረንጓዴ ነው፤ የሚሮጥ መንጠቆ ምኑም አይደል። ነጭ ዓሣ ከሚባሉት የጣና ዘሮች መካከል ግን ከ8 ያላነሱት ትናንሽ ዓሣ እያሳደዱ ይበላሉ። የሚብረቀረቅ ነገር ሲያልፍ የሚከተሉት እነዚህ ናቸው።

ለመሆኑ በምን እንውጣ? የጣና ታንኳ ከደንገል የታሰረ ነው። እንደ እንጨት ጀልባ በቀዳዳ አይሰምጥም። ነገር ግን ውሃ ይመጣል፤ ይከብዳል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ አውጥቶ ማድረቅ ነው። የእንጨት ጀልባ ሰፊ ናት፤ ግን ውሃ የምታወጡበት ጣሳ ሁልጊዜ ይኑራት።

እኔ ከመንጠቆው የማስቀድመው መመለሻውን ነው። ደገኛ ብዙውን ጊዜ ዋና አያውቅም። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይከተላል። ተንሳፋፊ ሰደርያ ልበሱ። ከታጣ፣ ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስራችሁ ያዙ፤ ሰው ደግፎ ያቆያል። አንድ ትርፍ መቅዘፊያ፣ ረጅም ገመድ፣ ፊሽካ ጨምሩ። ማልዳችሁ ወጥታችሁ ነፋሱ ሳይነሳ ተመለሱ።

አሁን ወደ መንጠቆው። እናንተ ቁጥር ለይታችኋል፤ እዚህ ግን ቁጥር ይገለበጣል! 10 ቁጥር መንጠቆ ከ4 ቁጥር ያንሳል። ሱቅ ስትገቡ ባለሱቁን ሳይሆን ወረቀቱን እመኑ። ክሩን ከጀልባዋ ኋላ 20 ወይም 30 ሜትር ያህል ልቀቁት። ጣና ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከባድ እርሳስ አያስፈልግም፤ ታች ሄዶ ይያዛል። ሰው በእግሩ እንደሚሄድ ያህል ቅዘፉ። ስትዞሩ ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ፤ አለዚያ ሁለት ክር ካላችሁ ይጠላለፋል። ክሩን በእጅ ወይም በእግር መጠምጠም ደግሞ ፈጽሞ አይሁን! ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ጣት ይቆርጣል። በጀልባዋ ላይ በተተከለ እንጨት እሰሩት።

ሞተር ያላችሁ እንደሆነ፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበት ሞተር አለ። መጠኑ ሞተሩ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ከሰው አትስሙ፤ አንብቡት። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በጣና የታወቀው እምቦጭ የሚባለው አረም ደግሞ በሞተሩ ክንፍ ይጠመጠማል፤ መንጠቆም ይይዛል። ሞተሩ ሳይቆም እጅ እንዳትሰዱ።

ክረምቱ ሲያበቃ፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም፣ ብዙው ነጭ ዓሣ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣል። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ አታጥምዱ። እናቲቱ ከነእንቁላሏ ከተያዘች የከርሞው ዓሣ ከየት ይመጣል?

አንድ ነገር ቀረኝ። ከመውጣታችሁ በፊት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ማን ማን እንደሄደ፣ ወደ የትኛው ዳር፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ። ወረቀቱን ከቤት ሰው ዘንድ ተዉት። ሰዓቱ ካለፈ፣ የት እንደሚፈለጉ የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው።