አሠልጣኝ አይሮጥም
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ ነርስ ነኝ፤ ነጋዴ አይደለሁም። አዘጋጆቹ ስለ ሥራ አመራር ተናገሪ ሲሉኝ የስፖርት አሠልጣኞችን መረጥኩ። በሆስፒታል የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ ሰውን በማሳየትና በሰው ላይ በመጮኽ መካከል ያለውን ልዩነት በየቀኑ አየዋለሁ።

ጆን ውድን በአሜሪካ የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ነበሩ። በ12 ዓመት ውስጥ ቡድናቸው 10 ጊዜ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆኗል። ታዲያ የመጀመሪያው ቀን ትምህርታቸው ምን ነበር? የካልሲና የጫማ አደራረግ! ካልሲ ከተጨማደደ እግር ውሃ ይቋጥራል፤ እግሩ የቆሰለ ተጫዋች አይሮጥም። (ስለ ቁስሉ እኔን ጠይቁኝ።)

እ.ኤ.አ. በ1974–75 የውድድር ዘመን ሁለት ተመራማሪዎች ልምምዳቸውን እየተከታተሉ የሚናገሩትን ቆጠሩ። ሦስት አራተኛው ምን፣ እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚያስረዳ ነበር። ሙገሳም ሆነ ቁጣ እያንዳንዱ 7 በመቶ አይሞላም።

ሬስቶራንት ወይም የአረጋውያን እንክብካቤ ድርጅት ያላችሁ፣ እስቲ ትናንት ለሠራተኞቻችሁ የተናገራችሁትን ቁጠሩት። «ስንቴ ልንገርሽ!» ትምህርት አይደለም። «ሽማግሌውን ስታነሺ ወገብሽን ሳይሆን ጉልበትሽን እጠፊ» ግን ትምህርት ነው።

አገር ቤት ደግሞ የበቆጂውን አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን ታውቋቸዋላችሁ። የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል። ልጆቹ ሲጠነክሩ ወደ አዲስ አበባ ክለቦች ይሄዱ ነበር፤ እሳቸው እዚያው ቀርተው ተከታዮቹን ያሠለጥኑ ነበር።

ይህን የማነሳው ከብዙዎቻችሁ «ሙያውን ካስተማርኩት ሄዶ የራሱን ይከፍታል» ሲባል ስለምሰማ ነው። አዎ፣ አንዳንዱ ይከፍታል። እናንተስ ሰው ቤት ሠርታችሁ አይደል የከፈታችሁት? ሙያውን የደበቀ ባለቤት ሲታመም ሱቁም አብሮት ይተኛል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በዓመት አንድ ሳምንት እንኳ የማያርፉ ሰዎች አሉ፤ የደም ግፊታቸውን የምለካላቸው እኔ ስለሆንኩ አውቃቸዋለሁ።

ማኅበራችንም ከዚህ አልዳነም። የጤና ጣቢያውን ግንባታ ሒሳብ፣ የኮንትራክተሩን ውል፣ የባንኩን አሠራር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱም ከ60 ዓመት በላይ ናቸው፤ ዕድሜ ይስጥልን። ነገር ግን ከሁለቱ አንዳቸው ቢታመሙ ጣሪያው ሳይመታ ክረምት ይገባል።

በእኛ ሙያ አዲስ ነርስ ብቻዋን በሽተኛ አትረከብም። መጀመሪያ ልምድ ካላት ጋር ሆና ታያለች፤ ቀጥሎ እየታየች ትሠራለች። እኛም እያንዳንዱ የሥራ አመራር አባል አጠገቡ አንድ ወጣት ያስቀምጥ እላለሁ። ወጣቱ ሻይ ቀጂ ሳይሆን የዚህን ወር ሒሳብ ራሱ የሚሠራ፣ ነባሩ ደግሞ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ይሁን። እጅ ማጣጠፉ ለአንዳንዶቻችን ከባድ እንደሚሆን ይገባኛል!

ገንዘብ ያዣችን ተስማምተዋል። ከእራት በኋላ መዝገባቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሁለት ወጣቶች ይፈልጋሉ።