ጣሪያው ሲያፈስ፣ አይጥ ሲበዛ፤ ተከራይ ምን ያድርግ?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ተከራየነው ቤት ነው። ስለ ኪራዩ ውድነት ሌላ ቀን እናወራለን። የዛሬው ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ስለ አይጡና ስለ ትኋኑ ነው።

ክረምት ሲገባ ምን ይሆናል? የቆርቆሮው ሚስማር በላላበት በኩል ውኃ ይገባል። ባልዲ ይደቀናል፤ አልጋው ወደ ጥግ ይገፋል። ውኃው ኮርኒሱን ያበሰብሰዋል። በበሰበሰው በኩል አይጥ ይገባል፤ ሌሊቱን ከራሳችን በላይ ሲሯሯጥ ያድራል። ግድግዳው ይርሳል፤ ምርጊቱ ይረግፋል። በስንጥቁ ውስጥ ትኋን ይራባል። አያችሁ? አንድ ሚስማር በጊዜው ስላልተመታ የመጣ ጣጣ ነው። ጣጣው ደግሞ እንቅልፍ በማጣት ብቻ አያበቃም። የአይጥ ቁንጫ የተስቦ ዓይነት በሽታ ያስተላልፋል።

ተከራይዋ አከራይዋን፣ «እትዬ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው እኮ!» ትላለች። «እሺ፣ ሰሞኑን ሰው አመጣለሁ» ይሏታል። ሰሞኑን የተባለው ወር ይሆናል። ደግማ ስትጠይቅ፣ «ካልተመቸሽ ልቀቂ!» ይመጣል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ልጆች ይዞ ሌላ ቤት መፈለግ ቀላል አይደለምና ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። ቢሆንም ሕጉ ምን እንደሚል እንወቅ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ይናገራል። አከራይ ኪራዩን ከተቀበለ በኋላ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም። ቤቱን ለኑሮ በሚመች ሁኔታ ማቆየት አለበት። ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ የቤቱ ምሰሶ የእርሱ ኃላፊነት ነው። እንደ በርና መስኮት ያሉ ጥቃቅን ጥገናዎች ግን በተከራይ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። በእርጅና የተበላሸ ነገር የተከራይ ዕዳ አይደለም። ልጃችን በኳስ የሰበረውን መስተዋት ግን እኛው እናሠራለን፤ ይኼ ሊያከራክር አይገባም።

«ልቀቂ!» ለሚለው ቃል ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። አዋጁ በሚሠራባቸው ከተሞች፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት። ዘመኑም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ኪራዩን በወቅቱ የሚከፍል ተከራይ ጥገና ስለ ጠየቀ ብቻ ከቤት ሊባረር አይገባም። ስለዚህ ውሉ በእጃችሁ ይኑር። በቃል ብቻ የተከራየ ሰው ክርክሩ ይከብደዋል።

በቀበሌ ቤት የምትኖሩም አላችሁ። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ለቀበሌ ተሰጡ። የብዙዎቹ ኪራይ ትንሽ ሆኖ ቆየ፤ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብም አልነበረም። ስለዚህ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አርጅተው ቆመዋል። የእናንተ አከራይ መንግሥት ነውና አቤቱታችሁን ለወረዳው አቅርቡ። ሳትፈቀዱ ግድግዳ አታፍርሱ፤ ክፍልም አትቀጥሉ።

አሁን ወደ ትኋኑ እንመለስ። እዚህ ላይ ሥራው የሁለታችንም ነው። ስንጥቁን ማስመረግና የኮርኒሱን ቀዳዳ ማስደፈን የአከራይ ነው። እህል መክደን፣ ቆሻሻ ማውጣት፣ አንሶላ መቀቀል፣ በአልጋው መጋጠሚያ የፈላ ውኃ ማፍሰስ የእኛ ነው። በአንድ ግቢ አምስት ተከራይ ቢኖር፣ አንዱ ብቻውን ቢያጸዳ ትኋኑ ከጎረቤት ተመልሶ ይመጣል። አምስቱም በአንድ ቀን ይነሱ። ለሰብል የተሠራ መርዝ ግን ልጅ በሚተኛበት ቤት በፍጹም አትርጩ! ትኋኑን እገድላለሁ ሲሉ ሰው ይጎዳል።

እንግዲህ የተማርነው ፊደል ሥራ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በአፍ የተነገረ ነገር «አልሰማሁም» ይባልበታል። የተጻፈ ግን ይቀመጣል። ወረቀት አንሱና እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ቀን ሐምሌ 3። ለቤቱ ባለቤት። የምኖርበት ቤት ጣሪያ በሁለት ቦታ ያፈሳል። ኮርኒሱ ተቀዶ አይጥ ይገባል። ይህንንም ሰኔ 10 ቀን በቃል ነግሬዎታለሁ። በ15 ቀን ውስጥ እንዲያሠሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ከታች ስምና ፊርማ።

በቃ! ረጅም አያስፈልግም፤ ስድብም አይግባበት። ሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱን ለባለቤቱ ስጡ፤ በሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው ይፈርሙበት። አልፈርምም ካሉ ሁለት ጎረቤት ባለበት ስጡና ጎረቤቶቹ ይፈርሙ። ስልክ ያለው ሰው የሚያፈሰውን ቦታ ፎቶግራፍ ያንሳ።

አንዳንዱ ተናዶ፣ «እስኪያሠሩ ድረስ ኪራይ አልከፍልም» ይላል። ይኼን አታድርጉ። ያልተከፈለ ኪራይ አከራዩ እናንተን ለማስወጣት ምክንያት ይሆነዋል። ክፈሉ፤ ደረሰኝ ያዙ። በራሳችሁ ገንዘብ አሠርታችሁ ከኪራይ ለመቀነስ ከፈለጋችሁም መጀመሪያ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉ።

ቀኑ አልፎ መልስ ከጠፋ፣ ውሉን፣ የደብዳቤውን ቅጂና ደረሰኞቹን ይዛችሁ በወረዳችሁ የቤት ጉዳይ ወደሚያየው ክፍል ሂዱ። እዚያም ካልተፈታ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው የሚጠይቃችሁ እነዚያኑ ወረቀቶች ነውና ዝናብ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጧቸው።